ማንም ያልከፈለው ቁጥር

በመምህርነቴ ዘመን ለባልደረቦቼም ለቤተሰቤም ያልተናገርኩት አንድ የማታ ሥራ ነበረኝ። የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን አባዛለሁ፤ ብዜቱን ደብተሬ ላይ ጽፌ የተባዙትን የጻፍኩበትን ወረቀት ቀድጄ እጥላለሁ። ቆይቼ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከአእምሮዬ ሲጠፉ፣ ብዜቱን ብቻ ይዤ ፍለጋ እነሳለሁ። የምፈልገው ሁለቱን ቁጥሮች አልነበረም። የማንኛውንም ትልቅ ብዜት ምንጭ ሳይለፉ የሚያሳይ አንድ አቋራጭ አለ ብዬ አምን ነበር። ያ አቋራጭ ቢገኝ ባንኮች የሚተማመኑበት ቁልፍ ዋጋ ቢስ እንደሚሆንም አውቃለሁ። በምኖርባት በጉንደ ወይን መብራት በጠፋበት ማታ ሻማ አብርቼ ስቀመጥ እኅቴ የማስተርስ ፈተና የማጠና ይመስላት ነበር። አላረምኳትም።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። 89,681ን በ96,079 አባዛ ቢባል አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በግማሽ ገጽ ይጨርሰዋል፤ መልሱ 8,616,460,799 ይሆናል። ይህን መልስ ብቻ ሰጥታችሁ «ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች መጣ?» ብትሉት ግን ልጁ ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13 እያካፈለ ከስምንት ሺህ በላይ ብቸኛ ቁጥሮችን መፈተን ይጠበቅበታል። ይህ ቁጥር ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1874 በመጽሐፉ አስፍሮት፣ ከእሱ በቀር ምንጩን የሚያውቅ ሰው መቼም ይኖራል ብሎ እንደማይገምት ጽፎ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1977፣ ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህንኑ የወዲያ ቅለትና የወዲህ ክብደት ወደ ቁልፍ ቀየሩት። በስማቸው መነሻ ፊደላት አር.ኤስ.ኤ ይባላል።

እኔ ግን ወደዚህ ዓለም የገባሁት በእነሱ በኩል አይደለም። በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ስናወጣ ከማባዛቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መግደፉ ነበር። የ2016 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን ስትገድፍ 11 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተህ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፍ አበቅቴው 20፣ በ19 አባዝተህ ስትገድፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣታቸው ያኔ ተአምር ይመስለኝ ነበር።

«የኔታ፣ የገደፉት ሁሉ የት ይገባል?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ለምንህ ነው? አንተ ቀሪውን ያዝ» አሉኝ።

ምስጠራን ስማር የተረዳሁት ታዲያ ሚስጥሩ የሚደበቀው በዚያ በተገደፈው ውስጥ መሆኑን ነው። ትንሿን ምሳሌ ልሥራት። ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች 3 እና 11 ይሁኑ፤ ብዜታቸው 33 ነው። 33ን እና 3ን ለዓለም ሁሉ አውጃለሁ፤ የሕዝብ ቁልፌ እነሱ ናቸው። 4 የሚለውን ቁጥር በሚስጥር ሊልክልኝ የፈለገ ሰው 4ን ሦስት ጊዜ ከራሱ ጋር ያባዛል፤ 64 ይመጣል። ሠላሳ ሦስቱን ይገድፋል፤ 31 ይቀራል። የሚልከው 31ን ነው። መንገድ ላይ የያዘው ሰው 31ን ያያል እንጂ ስንት እንደተገደፈ አያውቅም። እኔ ዘንድ ደግሞ 7 የሚባል የግል ቁልፍ አለ። 31ን ሰባት ጊዜ ከራሱ ጋር አባዝቼ ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስቱን ስገድፍ 4 ተመልሶ ይመጣልኛል። ያን 7 ለማግኘት የተለመደው መንገድ 33 የ3 እና የ11 ብዜት መሆኑን ማወቅ ነው። 33ን ማንም ይከፍለዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቁልፍ ግን 617 አኃዝ ነው።

ከምሽቶቹ በአንዱ የራሴ የምለው ዘዴ አገኘሁ። ማንኛውም የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ብዜት የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ስኩዌር ሥር ትንሽ ከፍ ብዬ እጀምርና አንድ አንድ እየጨመርኩ፣ ስኩዌሩን እየወሰድኩ፣ ዋናውን ቁጥር ስቀንስለት የሚተርፈው ራሱ ስኩዌር መሆኑን አያለሁ። በጄቮንስ ቁጥር ላይ ሞከርኩት። ከ92,825 ተነስቶ 92,880 ላይ ሲደርስ ትርፉ 10,233,601 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የ3,199 ስኩዌር ነው። 92,880 ሲቀነስ 3,199፣ 92,880 ሲደመር 3,199፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተደበቁበት ወጡ። ጄቮንስ ዘላለማዊ ያለው ሚስጥር 56 ሙከራ ብቻ ይበቃው ነበር። ጥፋቱ ሁለቱን ቁጥሮች ተቀራራቢ አድርጎ መምረጡ ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ብዙም ሳልቆይ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ዘዴውን በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው አነበብኩ። ሰው ሲሰማ ያዘንኩ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ፌርማ የረገጠውን መንገድ ጉንደ ወይን ተቀምጬ ማግኘቴ ቀላል ነገር አልመሰለኝም። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ ዘዴው ከተራ ማካፈል የባሰ ቀርፋፋ መሆኑን ስረዳ ነው የቀዘቀዝኩት። ቁልፍ የሚያመርቱ ፕሮግራሞችም ይህን አውቀው ሁለቱን ቁጥሮች ያራርቋቸዋል። ሁሉም ያራርቃሉ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመናዊው ሃኖ ቦክ አንዳንድ የካኖንና የፉጂፊልም ማተሚያዎች ያመነጩትን ቁልፍ በዚሁ በፌርማ ዘዴ ከፍቶ አሳይቷል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ቅናት ነበረበት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በእነዚያ ምሽቶች ቢሳካልኝ ምን አደርግ ነበር? ቢጠይቁኝ «ለሳይንስ አበረክተዋለሁ» እል ነበር። በልቤ የምስለው ግን ሌላ ነው። ገንዘብ አልነበረም፤ የሰው ሒሳብ መንካት አስቤ አላውቅም። የምስለው ዓለም ሲሸበርና አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ከብቸናና ከሞጣ መካከል ሆኖ ዝም ብሎ ሲመለከት ነው። ዝምታው ነበር የሚጥመኝ። ማወቅንና ከሌላው ሰውሮ መያዝን አንድ ነገር አድርጌ ነበር የማያቸው።

ዝምታዬን ያናጋው ሁለት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የክሊፎርድ ኮክስ ነው። በእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ አር.ኤስ.ኤን በመሠረቱ በ1973 አገኘው፤ ከሦስቱ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ እስከ 1997 ድረስ ሸሸገው። በእነዚያ 24 ዓመታት የኮክስን ሥራ በአደባባይ የፈተነው ሰው የለም፤ የሦስቱን ግን መላው ዓለም ይደበድበው ነበር። ዛሬ የምንተማመንበት ቁልፍ የተደበደበው ነው።

ሁለተኛው የፍራንክ ኔልሰን ኮል ታሪክ ነው። 2 ለ67 ጊዜ ከራሱ ጋር ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት 147,573,952,589,676,412,927 ይሆናል። ፈረንሳዊው ሉካ ይህ ቁጥር ብቸኛ እንዳልሆነ በ1876 አረጋግጧል፤ አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ ግን አላወቀም። (ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅና አካፋዩን ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው እስካሁን ያስገርመኛል። ሦስት ሕንዳውያን እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያው ሥራ ፈጣንና አስተማማኝ መንገድ እንዳለ አረጋገጡ፤ ለሁለተኛው ዛሬም አልተገኘም።) ኮል በ1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ፊት ቆሞ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሰሌዳው ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ ተቀመጠ፤ ታዳሚው አጨበጨበ ይባላል። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መመለሱም ይነገራል። ለተማሪዎቼ ስተርከው የሚወዱት ዝምታውን ነው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያሉት የከሸፉ እሑዶች ናቸው። የት ደረሱ?

አር.ኤስ.ኤ ምን ላይ እንደቆመ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ እነዚያን የከሸፉ እሑዶች ነው። ትልቅ ቁጥርን መክፈል ከባድ መሆኑን በማስረጃ ያረጋገጠ ሰው የለም። «ከባድ ነው» ስንል «ጎበዝ ጎበዞቹ ሞክረው አቃታቸው፤ የት ድረስ እንደሄዱም ጽፈውልናል» ማለታችን ነው። በ1977፣ 129 አኃዝ ያለው ቁጥር ከ100 ዶላር ሽልማት ጋር ለአንባቢ ቀረበ። በጊዜው ግምት ለመክፈል ከምድር ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ይፈጅ ነበር። በ1994፣ 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች በበይነ መረብ ተባብረው ከፈሉት። እ.ኤ.አ. በ2009፣ 232 አኃዝ ያለው፣ በ2020 ደግሞ 250 አኃዝ ያለው ተከፈለ፤ ለኋለኛው የፈጀው ልፋት አንድ የኮምፒውተር ኮር 2,700 ዓመት ቢሠራ የሚያወጣውን ያህል ነበር። 617 አኃዝ ላይ የምንተማመነው እነዚህ ሰዎች የት እንደቆሙ ስለነገሩን ነው። የእኔ ምሽቶች በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ምን እንደሞከርኩ፣ ምኑ ላይ እንደወደቅኩ ለማንም አልነገርኩምና፣ ለማንም ማስረጃ አይሆኑም።

የተሸሸገ ውድቀት ምን እንደሚያደርስ ያሳየኝ ግን ሒሳብ አይደለም፤ ጎረቤቴ ነው። ጤፍ ነጋዴ ነው። ከባንክ ነው የምንደውለው ያሉት ሰዎች በስልኩ የገባለትን ቁጥር እንዲያነብላቸው ጠየቁት፤ አነበበላቸው። ገንዘቡ ሄደ። አፈረና ለማንም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ አማቹ በዚያው ቃል፣ በዚያው ዘዴ ተበላ። ሐዘን ቤት ተቀምጠው ነገሩ ሲወጣ አማቹ «አንተ ብትነግረኝ ኖሮ!» አለው። ነጋዴው መልስ አልነበረውም። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ደብተሮቼን አሰብኩ።

ልብ በሉ፣ የዚያን ጊዜ ማንም ቁጥር አልከፈለም። በአገራችን ሚስጥር ወጣ የተባለባቸውን አጋጣሚዎች ባየሁ ቁጥር ይህንኑ አገኛለሁ። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በሠራው የስለላ ፕሮግራም ዒላማ መደረጋቸውን ገልጿል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ምስጠራውን አይነካውም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ መልእክቱን ገና ሳይመሰጠር ያነበዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ በወጣበትና በተዘዋወረበት ሌሊትም ምክንያቱ የባንኩ የራሱ የሥርዓት ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ ተገልጿል።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ገንዘብ የምንልከው በኮከብ 127 መሰላል ወይም በኮከብ 889 መሰላል ነበር። ያ መንገድ በይነ መረብን አይነካም። የሚስጥር ቁጥራችን በአየር ላይ የሚጠበቀው በሲም ካርዱና በኔትወርኩ መካከል በተያዘ የጋራ ሚስጥር ነው፤ የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት እዚያ ቦታ የለውም። ባንኮችን ሁሉ ያስጨንቃል ብዬ ሻማ ያቃጠልኩለት አቋራጭ ቢገኝ እንኳ የገዛ ሰፈሬን የኮከብ መሰላል አይነካም ነበር! ይህን የተረዳሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ያልተሳካውን ሥራ ተማሪዎቼ እንዳያጠፉት እነግራቸዋለሁ። ላጲሱን ይተዋሉ ማለት አይደለም፤ ልማድ ነው። መጀመሪያ የራሴን ደብተር ይዤ ገባሁ። የከሸፉትን መንገዶች ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ ይቀልድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዲት ልጅ ግን ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እዚህ ጋ የፈለጉት እኮ ትልቁን የጋራ አካፋይ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ለዓመታት ሳላየው ያለፍኩት ነገር ነው።

ያነሳችው ነገር ከክፍል ፈተና ያለፈ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሕዝብ ቁልፎችን ከበይነ መረብ ሰብስበው፣ ሁለት ሁለቱን እያያዙ የጋራ አካፋይ ፈለጉላቸው። ከቁልፎቹ መካከል አንድ ብቸኛ ቁጥር የሚጋሩ ብዙ አገኙ። ሁለት ቁልፎች አንድ ቁጥር ከተጋሩ ሁለቱንም ለመክፈል ከ2,300 ዓመት በፊት ኤውክሊድ የጻፈው ዘዴ ይበቃል፤ ቁጥሩ 617 አኃዝ ቢሆንም ልዩነት የለውም። በአንደኛው ቡድን ስብስብ ከአንድ ሺህ ቁልፎች ሁለቱ ምንም ጥበቃ እንደማይሰጡ ታወቀ። መሣሪያዎቹ ገና ሲበሩ የዕጣ አወጣጣቸው ደካማ ስለነበረ ነው እንዲህ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአንድ ዓይነት ቺፕ ላይ ቁልፍ ሲመረት በተፈጠረ ስህተት ምክንያት ኢስቶኒያ የ750,000 ያህል መታወቂያ ካርዶችን ሰርተፍኬት ለማገድ ተገደደች። ሁለቱም ስህተቶች የታወቁት አጥኚዎቹ አደባባይ ስላወጧቸው ነው።

መታወቂያ ስል ፋይዳ ትዝ ይለኛል። አገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማን በአዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ ዲጂታል መታወቂያን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ አበጅታላቸዋለች። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የሚባለው መሠረት ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ይህን እወድለታለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ፒተር ሾር በ1994 ባሳየው መንገድ፣ በቂ ብቃት ያለው ኳንተም ኮምፒውተር የተሠራ ቀን ትልቅ ቁጥር መክፈል ከባድ መሆኑ ያበቃል። እስከዚያ ዛሬ የተመሰጠረውን ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ቁልፍ ይቀየራል፤ ለመታወቂያው የሰጠነው የጣት አሻራ ግን እድሜ ልክ ያው ነው።

ተተኪ ቁልፎች እየተዘጋጁ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የመምረጫ ውድድሩን ለዓለም ክፍት አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አወጣ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሳይክ ይባል ነበር፤ ለዓመታት ተስፋ ተጥሎበት ብዙ ዙር አልፏል። በ2022 የቤልጂየም ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ ተራ የኮምፒውተር ኮር አንድ ሰዓት ያህል በፈጀ ሥራ ሰበሩት፤ ዘዴውንም ወዲያው አሳተሙት። የሳይክ ሠሪዎችም ራሳቸው ቁልፋቸው መውደቁን አምነው ተቀበሉ። ገና ባንክና መታወቂያ የሚደገፉበት ደረጃ ሳይሆን ነው ይህ የሆነው። የእኛንም መታወቂያና ባንክ በፈቃድ የሚፈትኑ ሰዎች የት ድረስ ሄደው እንደቆሙ የሚዘረዝር፣ ጉንደ ወይን ያለ መምህር ሊያነበው የሚችል የአማርኛ መዝገብ በየዓመቱ ቢወጣ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።